በስግደት የሚያፈሰው ቬፕ

«አላጨስም» እያለ ቬፕ የሚሉት የኤሌክትሪክ ሲጋራ ከኪሱ የማይለይ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እዚህ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ፣ መጋዘን ውስጥ አብሮኝ የሚሠራው ታደሰ እንደዚያ ነው። «ጭስ አይደለም፤ እንፋሎት ነው» ይላል። እንፋሎት ከሆነ ከአበሻ ሁሉ ለምን ይደብቀዋል? እኔን አትጠይቁኝ።

ዘንድሮ በጾሙ የቬፑ ፈሳሽ የሚሞላበት ታንክ አስቸገረው። ሥራ ላይ ደህና ሰንብቶ፣ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ደረት ኪሱ ውስጥ ያፈሳል። የጎማ ቀለበቱን ቀየረ፤ ያፈሳል። ፈሳሹን የሚመጠውን ጥጥ ከነማሞቂያ ክፍሉ ቀየረ፤ ጭራሽ ባሰበት። በመጨረሻ «ፈተና ነው» አለኝ፤ ከምሩን እኮ ነው! አጋንንት ሥራ ፈትተው ለአንድ ታንክ ኦሃዮ ድረስ ይመጣሉ?

ስቅለት ዕለት ስንሰግድ ውለን ጫማችንን ልናደርግ ስንወጣ፣ የታደሰ ሸሚዝ ርሶ የእንጆሪ ሽታው ከበሩ እስከ ፓርኪንጉ ደረሰ። በጾመኛነታቸው ሁላችንም የምንፈራቸው እትዬ ብርሃኔ ቀጥ ብለው ወደ እሱ መጡ። የታደሰ ፊት አመድ መሰለ።

እትዬ ግራ ቀኝ አይተው፣ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ስትሰግድ ይዘቀዘቃል፤ ሲዘቀዘቅ ያፈሳል» አሉት። «መኪናህ ውስጥ አቁመህ ተወው። እኔም የኔን መኪናዬ ውስጥ ነው የምተወው።»