የማይበረው በራሪ ድመት

[ሳካይ ከተማ፣ ኦሳካ አጠገብ። ወይዘሮ ቶሚ ወደ ትንሽ ቤት ሊዛወሩ ስለሆነ ሁለቱ ልጆቻቸው ዕቃ ሊያሽጉላቸው መጥተዋል። ትልቋ ካዙኤ የትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህርት ናት፤ ታናሽ ወንድሟ ሞሪዮ አውቶቡስ ይነዳል። ሁለቱም ፀጉራቸው መሸበት ጀምሯል። ቁም ሳጥኑ ውስጥ የልጅነት የቪዲዮ ጌማቸውን አግኝተው ከአሮጌው ቴሌቪዥን ጋር አገናኝተውታል። የሚታሸገው ዕቃ እንዳለ ተቀምጧል።]

ካዙኤ፦ ይበራል አልኩህ።

ሞሪዮ፦ አይበርም፣ እትዬ። ይኸው በእግሩ እየሄደ ነው።

ካዙኤ፦ ስሙ ማነው? በራሪው ድመት ኮማሩ። ታዲያ በራሪ ድመት ካልበረረ ምን ሊሠራ ነው?

ሞሪዮ፦ በካርቱኑ ላይማ ይበር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ራት እየበላን የምናየው ላይ። እዚህ ግን... ሞተ።

ካዙኤ፦ ማን ገደለው?

ሞሪዮ፦ ዓሣ።

ካዙኤ፦ ዓሣውን ለምን አስነካኸው?

ሞሪዮ፦ ድመት አይደለም እንዴ?

ካዙኤ፦ ዓሣው የተመረዘ ነው። ጠላቶቹ መርዘውት ነው። ይሄ እንኳ አይገባህም?

ሞሪዮ፦ ታዲያ ለምን አይጽፉበትም?

ካዙኤ፦ ምን ብለው?

ሞሪዮ፦ የተመረዘ ብለው።

ካዙኤ፦ ድመት ማንበብ ይችላል?

ሞሪዮ፦ እኔ እችላለሁ።

ካዙኤ፦ [ጆይስቲኩን እየነጠቀችው] አምጣ ባክህ። ካሴቱን እፍ ሳትልበት ነው የከተትከው፣ ለዛ ነው። አሁን ተመልከት። ሁለቱን ቁልፍ አንድ ላይ ትጫናለህ፣ ትንፋሽህን ትይዛለህ...

ሞሪዮ፦ ትንፋሼ ከድመቱ ጋር ምን አገናኘው?

ካዙኤ፦ እኔ እንደዛ ነበር የማደርገው።

ሞሪዮ፦ በረረልሽ?

ካዙኤ፦ ሊበር ምንም አልቀረው።

[ኮማሩ ትንሽ ይዘልና ጉድጓድ ውስጥ ይወድቃል።]

ሞሪዮ፦ ይሄ እንደ መብረር ይቆጠራል? ወደ ታች ነው እንጂ።

ካዙኤ፦ ዝም በል።

ሞሪዮ፦ እሺ። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ልጆች ሆነን፣ ያን ረጅም የትምህርት ቤት ዕረፍት ሙሉ ከዚህ አልተነሳሽም ነበር። የሰፈሩ ልጆች ወንዝ ወርደው ሲዋኙ አንቺ እዚህ በላብ ተጠምቀሽ ድመት ታስገድያለሽ። ምኑን ነው የወደድሽው?

ካዙኤ፦ [እናታቸው ወዳሉበት ማድ ቤት አየት አድርጋ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ] በሩን ዝጋው።

ሞሪዮ፦ ይሞቃል እኮ።

ካዙኤ፦ ዝጋው አልኩህ። [ይዘጋዋል።] እጠላው ነበር።

ሞሪዮ፦ ድመቱን?

ካዙኤ፦ ጌሙን። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ግን እስቲ እማዬን አስታውሳት። አባዬ ከሞተ በኋላ ምሳ ቤቱ ውስጥ ሩዝ ስታሽግ ትውልና እጇ በእንፋሎት ተልጦ ትመጣለች። እንደዛ ሆና ገዝታ ስታመጣልን ደባሪ ነው ልበላት? ደረጃው ላይ ኮቴዋን ስሰማ ጆይስቲኩን አንስቼ መሳቅ እጀምራለሁ። እሷ ስታየኝ ድመቱ እንዳይሞትብኝ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ስለማመድ እውላለሁ። በዛው የትምህርት ቤት መግቢያ ፈተናውን ወደቅኩ።

ሞሪዮ፦ በድመት ምክንያት?

ካዙኤ፦ በፍቅር ምክንያት በለው። እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። አንተ ደግሞ ገና በቅጡ ሳትነካው ወርውረኸው ወጣህ። ፊቷን እንኳ አላየህም። እንዲህ ያለ ነገር መቼ ገብቶህ ያውቃል?

ሞሪዮ፦ [አቀርቅሮ] እውነትሽን ነው።

[በሩ ይከፈታል። ወይዘሮ ቶሚ ቀዝቃዛ የገብስ ሻይ ይዘው ይገባሉ።]

ቶሚ፦ በዚህ ሙቀት በር ዘግታችሁ... [ቴሌቪዥኑን አይተው ይቆማሉ] ውይ፣ ይሄ ድመት እስካሁን አልሞተም?

ሞሪዮ፦ ዛሬ ሁለቴ ሞቷል፣ እማዬ።

ካዙኤ፦ [ፈገግ ለማለት እየሞከረች] እንዴት ያዝናናን እንደነበር እያወራን ነው፣ እማዬ።

ቶሚ፦ ዛሬስ ንገሪኝ፣ ልጄ። ምኑን ነበር እንደዛ የወደድሽው?

ካዙኤ፦ ምን ማለትሽ ነው?

ቶሚ፦ አስተማሪሽ አስጠርታኝ፣ ይቺ ልጅ ጭንቅላት አላት፣ ፈተናው እስኪያልፍ ጌም እንዳታስነኪያት ብላኝ ነበር። እናንተ ደግሞ ጎረቤት ሁሉ አለው እያላችሁ ታለቃቅሳላችሁ። ምን ላድርግ? ሱቅ ሄጄ ሻጩን፣ ልጆች ቶሎ የሚሰለቻቸው የትኛው ነው አልኩት። ሳቀብኝ። ሁሉም ስሙን አይተው የሚወስዱት፣ በማግስቱ አኩርፈው የሚመልሱት አንድ አለ፣ በራሪ ይሉታል እንጂ አይበርም አለኝ። እሱን ስጠኝ አልኩት።

ካዙኤ፦ አይበርም?

ቶሚ፦ የት አባቱ ይበራል። ሞሪዮ ወዲያው ሲወረውረው፣ እሰይ ሠራልኝ አልኩ። አንቺ ግን ጭራሽ ባሰብሽ። ደክሞኝ ስገባ ብቻሽን ትስቂያለሽ። ልጄን ምን ነካብኝ ብዬ ቤተ መቅደስ ሄጄ ለምኛለሁ።

ካዙኤ፦ እማዬ፣ እኔ እኮ ላንቺ ብዬ ነው። እንዳይከፋሽ።

ቶሚ፦ ለእኔ? እኔ ላንቺ ብዬ ያመጣሁትን?

[ካዙኤ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ትስቃለች፤ ቀጥሎ ዓይኗን በመዳፏ ትጠርጋለች። ቶሚ አጠገቧ ተቀምጠው ጉልበቷን መታ መታ ያደርጓታል።]

ሞሪዮ፦ እኔማ... እትዬ እንደዛ ስትስቅ ሳያት፣ ለሁሉም ሰው ገብቶ ለእኔ ብቻ ያልገባኝ ነገር አለ ብዬ ነው የተውኩት። ደደብ ነኝ ማለት ነው ብዬ።

ቶሚ፦ [ሻዩን መጀመሪያ ለእሱ እያቀበሉት] ልጄ፣ ከዚህ ቤት የገባህስ አንተ ብቻ ነበርክ።

ሞሪዮ፦ [ብርጭቆውን ይዞ ጥቂት ካሰበ በኋላ] ምኑ?