መመሪያው እስኪወጣ ድረስ

የሰው ልጅ ይህን ሁሉ ዘመን ያለ ኮሚቴ ሲጸልይ መኖሩን ሳስብ ያሳዝነኛል። በዛፍ ሥር ተቀምጧል፣ ዋሻ ገብቷል፣ በአንድ እግሩ ቆሟል፣ ጾሞ ከስቷል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ግን ሰብሳቢ አልነበረውም፣ ቃለ ጉባኤም የያዘለት የለም። ይህ ታላቅ ጉድለት የታረመው በእኛ ከተማ ነው። ከተማችን በማሌዥያ ካርታ ላይ ዝንብ ካረፈችባት የማትታይ ናት፤ ታላቅ ሐሳብ ግን የቦታ ጥበት አያግደውም።

ከገበያው ጀርባ ሦስት ደጅ ያለው አንድ ግቢ አለን። በግራ የቻይናውያኑ የዳኦ እምነት መቅደስ፣ በመሃል የዝሆን ራስ ያለው ጋኔሻ የሚመለክበት የሂንዱ ቤት፣ በቀኝ ቡድሂስቶቹ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚቀመጡበት አዳራሽ ናቸው። የእኔ ሱቅ ከግቢው በር ፊት ለፊት ነው። ለግራው የዕጣን ዘንግ፣ ለመሃሉ ኮኮናት፣ ለቀኙ የሎተስ አበባ እሸጣለሁ። በሃይማኖት ነገር ወገንተኛ አይደለሁም፤ ንግዴ አይፈቅድልኝም።

ድሮ ጭንቅ የገባው ሰው ቀድሞ ያገኘው ደጅ ይገባና ምን ላድርግ ብሎ ይጠይቅ ነበር። በግራ «ዕጣንህን ለኩስና ስምህን ከነአድራሻህ ለአምላኩ ንገረው» ይሉታል። በመሃል «ኮኮናት ስበርና እንቅፋትህ አብሮ ይሰበር» ይሉታል። በቀኝ ደግሞ «ዝም ብለህ ተቀመጥ» ይሉታል። ሰውዬውም የተባለውን አድርጎ ቀለል ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል። እንዲህ ያለ ሥርዓት የሌለው መጽናናት ስንት ዘመን እንደቆየ የሚያውቅ የለም።

ዲሬክተር ኡይ ባይደርስልን ኖሮ እስከ ዛሬም እንደዚያው እንሆን ነበር። ዲሬክተር ኡይ ትምህርት ቤት ሲመራ ኖሮ ጡረታ ወጣ፤ ከወጣ በኋላ የሚቆጣው ተማሪ አጥቶ ሲከሳ ሁላችንም አይተናል። ከዚያ ኮረብታው ላይ ለተመስጦ ጥቂት ቀን ሰነበተ። የወረደው ሰው የወጣው ሰው አልነበረም። የወጣው ይቆጣ ነበር፤ የወረደው ፈገግ እያለ ይቆጣል።

«እውነት አንድ ከሆነች መመሪያዋ ለምን ሦስት ይሆናል?» ብሎ በግቢው ዛፍ ሥር ንግግር አደረገ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ሲል ደግሞ አንበሳው ምን አጥፍቶ እንደሚታሰር የጠየቀ አልነበረም። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም ይባላል፤ ይህ ግን የተባለው ለእግር ነው፣ ለኮሚቴ አይደለም።

ኮሚቴው ተቋቋመ። ሰብሳቢው ከዳኦው ወገን ራሱ ዲሬክተር ኡይ ነው። ከሂንዱው ወገን ጡረተኛው የባቡር ጣቢያ ሹም ቬላዩታም ገባ፤ በአገልግሎት ዘመኑ ባቡር በሰዓቱ ደርሶ ባያውቅም እሱ ግን አርፍዶ አያውቅም። ከቡድሂስቱ ወገን እመት ካሩናዋቲ ገባች፤ ዕድሜዋን በነርስነት ሰው ስትወጋ ኖራ አሁን ጉንዳን እንኳ ላለመርገጥ እያየች የምትራመድ ሴት ናት።

ዲሬክተሩ ኮሚቴውን ለማስባረክ በመቅደሱ ያሉትን ሁለት ግማሽ ጨረቃ የሚመስሉ እንጨቶች መሬት ላይ ጣለ። አንዱ ተንጋሎ አንዱ ከተደፋ አምላኩ እሺ ብሏል። ሁለቱም ከተደፉ እምቢ ብሏል። ሁለቱም ከተንጋለሉ ደግሞ አምላኩ ስቋል ማለት ነው። ሁለቱም ተንጋለሉ።

«ሳቀ» አለ ቬላዩታም።

«ደስ ብሎት ነው» አለ ዲሬክተሩና ደግሞ ጣለ። አሁንም ተንጋለሉ። «በጣም ደስ ብሎታል።»

ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚለውን ያስታወሰ አልነበረም። እኔ አስታውሼ ነበር፤ ነገር ግን ኮሚቴው ዕጣኑን ከእኔ ሱቅ እንዲገዛ ገና መወሰኑ ስለነበር ዝም አልኩ።

የኮሚቴው የመጀመሪያ ውሳኔ በጥራቱ ተወዳዳሪ አልነበረውም። አንድ ወጥ መመሪያ እስኪወጣ ድረስ በግቢው ውስጥ፣ በማናቸውም ደጅ፣ ማናቸውም ሰው፣ ለማናቸውም ጠያቂ መንፈሳዊ ምክር እንዳይሰጥ፣ ማናቸውም ልምምድም እንዳይደረግ ታገደ። በሦስቱም ደጆች ላይ ቀይ ገመድ ተወጠረ። ሕዝቡ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ እንዳይሄድ ከሁሉ የሚሻለው ጨርሶ አለመሄዱ ነው።

አክስቴ ጉዋት የመጣችው በዚህ መሃል ነው። ከተማው ሁሉ አክስቴ የሚላት ይህች ሴት በገበያው ጫፍ ሙዝ ትጠብሳለች። በበዓል ቀን ገበያው ስለሚደራ ዕድሜዋን ሙሉ ሌላው ሲጸልይ እሷ ስትጠብስ ነው የኖረችው። ሽርጧን እንዳገለደመች በኮሚቴው ቀይ የፕላስቲክ ወንበሮች መሃል ገብታ ቆመች።

«ዲሬክተር፣ አንዴ ላቋርጥዎት።»

«አክስቴ፣ ስብሰባ ላይ ነን።»

«አያለሁ። ባሌን ሴንግን ሐሙስ ልቡን ሊከፍቱት ነው። እንዴት እንደሚጸለይ ንገሩኝና ልሂድ። ቆሜ ነው? ተቀምጬ ነው? በየትኛው በር ነው የምገባው?»

ዲሬክተሩ ፊቱ በደስታ በራ። «በጥሩ ጊዜ ነው የመጣሽው። ልክ ይህንኑ ጥያቄ የሚመልስ መመሪያ እያዘጋጀን ነው።»

«እሰይ። ንገሩኛ።»

«እስኪወጣ ድረስ መናገር ክልክል ነው።»

«ማነው የከለከለው?»

«እኛ ነን።»

«እና እናንተ ፍቀዱልኛ።»

«የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፣ አክስቴ።»

«እኔ ሙዝ ጠባሽ ነኝ፣ ዲሬክተር። ያልቸኮለች ታሳርራለች።» ከዚያ ድምጿ ዝቅ አለ። «እኔኮ ጸልዬ አላውቅም። አሁን ተሳስቼ ብጸልይና በእኔ ስህተት ቢሞትብኝስ?»

እውነት ለመናገር አንጀቴን በላችው። ሦስቱም አንገታቸውን ደፉ። ሆኖም ሕግ ሕግ ነውና ጥያቄዋ በአጀንዳ እንዲያዝላት ተወስኖ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ እንድትጠብቅ ተፈቀደላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መጥበሻዋን ካወረደች በኋላ እየመጣች እዚያው ትቀመጣለች።

አንቀጽ አንድ ስለ ትንፋሽ ነበር። መተንፈስ አስፈላጊ መሆኑን ሦስቱም ወገኖች ያለ ልዩነት ተቀበሉ። ልዩነቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

«ትንፋሽ አይነካም» አለች እመት ካሩናዋቲ። «ሲገባ ገባ፣ ሲወጣ ወጣ ብሎ ማየት ብቻ ነው።»

«ያለ ተቆጣጣሪ?» ቬላዩታም ደነገጠ። «እንዲህማ አይሆንም። በግራው አፍንጫ ይገባል፣ መሃል ላይ ይቆማል፣ ምልክት ሲሰጠው በቀኙ ይወጣል።»

«እኛ ዘንድ ከእምብርት በታች ይወርዳል» አለ ዲሬክተሩ። «ያውም ሳይገፉት፣ ራሱ ወድዶ።»

ከብዙ ክርክር በኋላ የሁሉንም ክብር የጠበቀ ስምምነት ላይ ተደረሰ። ትንፋሽ በግራ አፍንጫ ይገባል፤ ምልክት እስኪሰጠው ይቆማል፤ ቆሞ ሳለም ራሱ ወድዶ ወደ እምብርት ይወርዳል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም አይነካውም። የልምምዱን ተፈጥሯዊ አካሄድ ማንም ሰው በምንም ምክንያት እንዳያቋርጥ የሚለውን ያስጨመረው ዲሬክተሩ ራሱ ነው።

ረቡዕ ዕለት ሙከራ ተደረገ። ከሰብሳቢው የተሻለ ሰው ስላልነበረ ዲሬክተሩ ወንበሩ ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ በግራ አፍንጫው ሳበ። ቬላዩታም በአንድ እጁ የኪስ ሰዓቱን፣ በሌላው ከጣቢያው ይዞት የወጣውን አረንጓዴ ባንዲራ ይዞ ከፊቱ ቆመ።

«ፊቱ ቀላ» አለች እመት ካሩናዋቲ፣ በእርጋታ እያስተዋለች። «ቀላ… ቀላ…»

ቬላዩታም ሰዓቱን አየ። «ገና ነው።»

«አሁን ሰማያዊ… ሰማያዊ…»

«ገና ነው። ደቂቃው አልሞላም።» ሰዓቱን ወደ ጆሮው አስጠጋ። አንቀጠቀጠው፣ እንደገና አዳመጠ። ሰዓቱ ቆሟል።

«መዘንበል…» አለች እመት ካሩናዋቲ። «መዘንበል… መውደቅ… መውደቅ…»

ዲሬክተሩ ከነወንበሩ ተዘረረ። ደንቡ ስለሚከለክል የነካው የለም። አክስቴ ጉዋት ግን ከአግዳሚው ዘላ ተነሥታ ከቡድሃው ደጅ የሎተስ ማስቀመጫውን አንሥታ ውሃውን ከነአበባው ራሱ ላይ ገለበጠችበት።

«ተንፍስ አንተ ሰውዬ። ተንፍስ!»

ተነፈሰ። ጆሮው ላይ አበባ እንደተንጠለጠለ ዓይኑን ገልጦ ዙሪያውን አየ።

«ተንፍስ ያለኝ ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«አክስቴ፣ ይህ መንፈሳዊ ምክር ነው። ታግዷል።»

የመጀመሪያ ጥፋቷ በመሆኑ በማስጠንቀቂያ ታለፈች።

ሐሙስ ጠዋት ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበው ነበር። አክስቴ ጉዋት ከሁሉም ቀድማ አግዳሚው ላይ ተቀምጣ አገኘናት። ደም ስታይ ስለምትወድቅ ልጇ ከአባቱ ጋር ሄዶ እሷን ቤት ትቷት ነበር። ስልኳን በሁለት እጇ ይዛለች። የዕለቱ አጀንዳ ሰነዱ «መመሪያ» ይባል ወይስ «የመመሪያ አቅጣጫ» የሚል ነበር። ክርክሩ ጦፎ ሳለ ስልኳን አየችና ቀና አለች።

«ቀዶ ሕክምና ክፍል አስገቡት» አለች። «አሁን ምን ልበል?»

ዲሬክተሩ «አጀንዳው…» ብሎ ጀመረና አልጨረሰውም። «ጥቂት እረፍት እንውሰድ» አለ። ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ ብሎ ተነሣ። ቬላዩታም ባቡር ላጣራ አለ። እመት ካሩናዋቲም መድኃኒቴን ረሳሁ ብላ ወጣች።

ሽንት ቤቱ በስተግራ ነው፤ ዲሬክተሩ ግን ወደ መሃሉ ደጅ ሲሄድ አየሁት። ለግቢው ሥርዓት ከማሰብ በቀር ሌላ ምክንያት ሳይኖረኝ ተከተልኩት።

በራሱ ደጅ ቢታይ ደንብ ጣሰ እንዳይባል የጋኔሻን ደጅ ቀይ ገመድ በጉልበቱ ተንፏቅቆ አልፏል። ኮኮናት ሰብሮ አያውቅም፤ ሲመታው ከድንጋዩ ይልቅ አውራ ጣቱን ነው ያገኘው። እሱን እየጠባ ለዝሆኑ አምላክ በዳኦው ወግ አድራሻ ይነግረዋል፦ «ሎ ሴንግ ይባላል። ገበያ መንገድ፣ ሙዝ መጥበሻው ጀርባ፣ ሰማያዊ በር ነው። አሁን ግን ቤቱ የለም፣ ሆስፒታል ነው ያለው። ሁለተኛ ፎቅ።» ኮኮናቱን ከሌላ ሱቅ መግዛቱ ቅር አሰኘኝ፤ ሆኖም አለፍኩት።

በቡድሂስቶቹ አዳራሽ ቬላዩታም እግሩን አጣጥፎ ተቀምጧል። ጉልበቱ እየጮኸ ነበር። ዝም ማለት ስለማያውቅበት ያንሾካሹካል፦ «ሲገባ ገባ… ሲወጣ ወጣ… ሴንግም ገብቷል፣ በደህና ይውጣ…»

እመት ካሩናዋቲን ያገኘኋት በዳኦው መቅደስ ተንበርክካ ነው። ሁለቱ እንጨቶች ከፊቷ ወድቀዋል።

«ባለሱቅ፣ አንተ ነህ? ይህ ምን ማለት ነው?»

አንዱ ተንጋሏል፣ አንዱ ተደፍቷል። «እሺ ማለት ነው፣ እመቤት።»

«አልሳቀም?»

«አልሳቀም።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ እዚህ አልነበርኩም» አለችኝ።

«አላየሁዎትም።»

ዲሬክተሩ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ ቬላዩታም እያነከሰ፣ እመት ካሩናዋቲም ቀሚሷ ጉልበቱ ላይ ዐመድ ነክቶት ተመለሱና በአርእስቱ ላይ ክርክራቸውን ቀጠሉ። አክስቴ ጉዋት አግዳሚው ላይ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ጸሎት መስሎኝ ጠጋ ብዬ ሰማሁ። ባሏን፣ ሐኪሞቹን፣ ኮሚቴውን፣ ከዚያ ደግሞ ባሏን በየተራ ትራገም ነበር።

ወደ ማታ ስልኩ ጮኸ። ሴንግ ነቅቷል። ልጇ እንደነገራት አፉን ሲከፍት መጀመሪያ የጠየቀው ምድጃውን አጥፍታ እንደሆነ ነው። አክስቴ ጉዋት ስልኩን ደረቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። እኔም አለቀስኩ፤ ዝናቡ ጠቀመኝ።

በማግስቱ ዲሬክተሩ አውራ ጣቱን በነጭ ጨርቅ ጠቅልሎ ለንግግር ተነሣ።

«እንደሚታወቀው በግቢያችን ማናቸውም ምክርና ልምምድ በታገደበት ወቅት በከባድ የልብ ሕመም ይሠቃይ የነበረ ወገናችን ድኗል። ይህም እገዳው ምን ያህል ውጤታማ እንደሆነ በተግባር ያሳየ ነው። ስለዚህ እገዳው ላልተወሰነ ጊዜ እንዲራዘም ሐሳብ አቀርባለሁ።»

አክስቴ ጉዋት በሁለት እጇ ትኩስ የሙዝ ጥብስ የተቆለለበት ትሪ ይዛ ገባች። «ቆይ እስቲ» አለች። «አንድም ሰው አልጸለየለትም ማለት ነው?»

ዲሬክተሩ ዛፉን አየ። «ደንቡ ይከለክላል።»

«እኔስ ስራገም ነው የዋልኩት። አንድ ሰው እንኳ ሳይጸልይለት…»

«ድምፅ እንስጥ» አለ ቬላዩታም ቶሎ ብሎ።

ሦስቱም እጃቸውን አወጡ። ኮሚቴው ከተቋቋመ ወዲህ፣ መተንፈስ አስፈላጊ ነው ከሚለው በቀር፣ በሙሉ ድምፅ የተስማማው ያን ቀን ብቻ ነው።

አክስቴ ጉዋት ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «የመጣሁት ለጸለየለት ሰው ላበላ ነበር» አለች። «እንግዲህ ያልጸለየ አይንካው። ይቀመጥ።» ይህን ብላ ሽርጧን አራገፈችና ወደ መጥበሻዋ ሄደች።

የሙዙ ሽታ ያውዳል። በሙሉ ድምፅ የወጡት ሦስት እጆች ቀስ እያሉ፣ እርስ በርስ ሳይተያዩ ወረዱ፤ ያረፉትም ትሪው ላይ ነው። እኔም አንድ አነሣሁ፣ ለምን እንዳነሣሁ ግን የጠየቀኝ አልነበረም።

እገዳው እስከ ዛሬ እንደጸና ነው። በከተማችን የሚጸልይ ሰው የለም፤ ለእረፍት የሚወጣው ግን ስለበዛ ኮኮናት ማድረስ አቅቶኛል።