ማሽኑን የፈተኑት ቢ ዙዌና

የዳነን ሰው መዳኑን ማሳመን፣ የታመመን ከማዳን ይከብዳል። ሰው ሕመሙን ወዲያው ያምናል፤ ጤናውን ግን ይጠረጥራል። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም፤ ለሞምባሳ አሮጌው ከተማ የደረሱት ክብርት ቢ ዙዌና ናቸው።

ቢ ዙዌና ዓሣ ሲገዙ መጀመሪያ የዓሣውን ዓይን ያያሉ፤ ቀጥለው የሻጩን። ሙአዚኑ ሲጣራ እንኳ ሰዓታቸውን ገልጠው ያመሳክራሉ። ቃላቸው አንድ ናት፦ «እስቲ እናያለን።»

አርባ ዓመት የሙሽሮችን እጅ በሂና ሲሥሉ ኖረው፣ የቀኝ አውራ ጣታቸውና ሁለቱ ጎረቤቶቹ ደነዘዙ። የእጃቸው አንጓ ውስጥ ነርቩ ታንቆ ነበርና ሐኪሙ ቀዶ መንገዱን አሰፋለት። ይኸው አራት ወር። ሐሙስ የልጅ ልጃቸው ትዳራለች። የእሷን እጅ ሌላ ሴት ከሣለች ቢ ዙዌና በቁማቸው ሞቱ ማለት ነው።

ስለዚህ የአልትራሳውንድ ባለሙያው አትማን ፊት ተቀመጡ። እሱም ቅባቱን ቀብቶ መሣሪያውን በጠባሳው ላይ አንሸራተተ።

«እብጠቱ ጎድሏል፣ ቢ ዙዌና። አሥራ ሰባት ካሬ ሚሊ ሜትር የነበረው የነርቩ ውፍረት አሁን አሥራ አንድ ነው። እንኳን ደስ አለዎት!»

«ጣቴን ጫፉ ላይ ገና ይነዝረኛል።»

«እሱ ቀስ ብሎ ነው የሚለቀው።»

«እህ! ይህ ማሽን ‹ብሷል› ብሎ ያውቃል? ወይስ ለመጣው ሁሉ እንኳን ደስ አለዎት ነው?»

«ያውቃል እንጂ!»

«እስቲ እናያለን። የራስህ እጅ ላይ አድርገው።»

አትማን ሳቀ፤ ሳቁ ግን ቶሎ ደረቀ። ቀን ሙሉ ያንን መሣሪያ ጨብጦ የሚውለው ቀኝ እጁ፣ ጧት ጧት የሸሚዝ ቁልፍ አልቆልፍም ካለው ሰንብቷል። ለማንም አልተናገረም። መሣሪያውን በግራው ይዞ የቀኝ እጁ አንጓ ላይ አሳረፈው።

አሥራ ስድስት።

ቢ ዙዌና መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አዩ። «ጌታውን ያልማረ ማሽን እኔን አይዋሸኝም» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተስ ልጄ፣ መቼ ልትቀደድ ነው?»

«ቢላው ቢስትስ? እንጀራዬ እኮ በዚህ እጅ ነው።»

«እኔን እመነኝ።»

ይህን ቃል ከእሳቸው አፍ የሰማ ሰው በአሮጌው ከተማ የለም። አትማን ግን ጥርጣሬው ተጋብቶበት ኖሮ፣ «እስቲ እናያለን» አለ።

ቢ ዙዌና ከጠረጴዛው እስክሪብቶ አነሡ። እጁን ወደ ራሳቸው ሳቡና ጀርባው ላይ፣ አንዴም ሳያቋርጡ፣ አንድ የጃስሚን ሐረግ ሣሉ፤ ቀጭን፣ የትም ያልተበጠሰ። ሲጨርሱ እጁን እንደሚገዙት ዓሣ አገላብጠው አዩት።

ሰኞ አትማን ቀዶ ሐኪሙ ዘንድ ሲቀርብ ሐረጉ ገና አልጠፋም ነበር። እጁን ሲታጠብ ሐረጉን ሳይነካ ዙሪያውን ብቻ ነበር የሚታጠበው።