መምህርት ትርሐስ «ተርን አፕ»ን የፈቱበት ዜና

በዘመነ ማርቆስ፣ በወርኃ ግንቦት፣ ባለ ብዙ ማኅተሙ ጋሽ ጉግሳ ከቦንጋ ወጣ ባለችው በማንኪራ የንብ አናቢዎች ማኅበር ላይ በተሾሙ በአራተኛው ዓመት፣ ከመቀሌ ተመድበው ቦንጋ የከተሙት፣ ቀይ እስክሪብቷቸው ለማንም የማያዳላው የእንግሊዝኛ መምህርት ትርሐስ ያደረጉትን እንጽፋለን።

ወኮነ በውእቱ መዋዕል፣ ማር ገዢዎች ከአዲስ አበባ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ላኩ፤ ቡድናችን ሐሙስ «ተርን አፕ» ያደርጋል የሚል። ጋሽ ጉግሳም ከጸሐፊያቸው ከአብዮትና ከሁለት መዝገበ ቃላት ጋር ተቀምጠው ተርን መዞር፣ አፕ ወደ ላይ መሆኑን አረጋገጡ፤ እንግዶቹም ወደ ላይ ታጥፈው ማር ወደሚሸጥበት ወደ ሌላው መንደር፣ ወደ ደካ፣ እንደሚሄዱ ተረዱ። ደብዳቤውን ሰሌዳ ላይ አስለጥፈው አዋጅ አስነገሩ፦ «የማንኪራ ሰዎች ሆይ፣ ገዢዎቹ ፊታቸውን አዙረውብናል፤ ማራችሁን ነጋዴ በሰጣችሁ ዋጋ ሽጡና ወደየቤታችሁ ግቡ!»

ዛፍ ላይ ከሰቀሏቸው ቀፎዎች በቀር ተስፋ የሌላቸው እትዬ ታንጉት ይህን ሰምተው አለቀሱ፤ ደብዳቤውንም ከሰሌዳው ነቅለው ልጃቸውን ወደሚያስተምሩት ወደ መምህርት ትርሐስ ገሠገሡ።

መምህርቷ ሲያነቡ ነገሩ ገባቸው፤ ግን ሊቀመንበርን በሰው ፊት ማረም ለእንግዳ ሰው ከባድ ነው። ቢሆንም እትዬ ታንጉትን፣ አሥራ ሁለት ንብ አናቢዎችን፣ ሁለት ሥራ የፈቱ የባጃጅ ሾፌሮችንና ማንም ያልጠራውን አንድ ውሻ አስከትለው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ዘመቱ፤ ደጁ ላይ ቆመውም አወጁ፦ «ጋሽ ጉግሳ፣ ይስሙኝ! ሁለቱ ቃላት ሲጋቡ ሌላ ትርጉም ይወልዳሉ። ተርን አፕ ማለት ብቅ ማለት ነው። እኛስ ‹እንግዳ ብቅ አለ› ስንል፣ እንግዳው አፉን ከፍቶ ‹ብቅ› ይላል እንዴ?»

ጋሽ ጉግሳ «ብቅ… አለ» እያሉ ከንፈራቸውን ሦስት ጊዜ አንቀሳቀሱ፤ ግንባራቸውንም ላብ አጠመቀው። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሁለተኛውን አዋጅ አወጡ፦ «ባደረግሁት ጥልቅ ማጣራት እንግዶቹ ይመጣሉ፤ ማሩን የሸጠ ወዮለት!»

ሐሙስ በአራት ሰዓት፣ በዝናብ መሐል፣ ጭቃ የለበሰች መኪና ማንኪራ ብቅ አለች። ገዢዎቹ ቀመሱ፤ የእትዬ ታንጉትን ማር ደግመው ቀመሱ፤ ውሉም ተፈረመ። በማኅበሩ ሪፖርት ላይ የትርጉሙ ምስጋና ለጋሽ ጉግሳ ብስለት የተሞላበት አመራር ተሰጠ።

እትዬ ታንጉት ግን ሪፖርት አያነቡምና፣ በዚያው ሳምንት ለተወለደችው ጥጃቸው ትርሐስ የሚል ስም አወጡላት። ኦ ግሥ ፈቺዋ መምህርት! ስምዎ በማንኪራ ጫካ ጠዋትና ማታ ከፍ ባለ ድምፅ ይጠራል፤ ከቦንጋ ሹማምንት ለዚህ ክብር የበቃ እስከ ዛሬ አልተገኘም።