ሚስተር ሃግስትሮም ታኮን ያገኙበት ታሪክ

ታላላቅ ሰዎች ታላላቅ ነገር ያገኛሉ። አንዱ ባሕር ተሻግሮ አህጉር ያገኛል፤ ሌላው በመነጽር አተኩሮ ኮከብ ያገኛል። ክቡር ሚስተር ዴልበርት ሃግስትሮም ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር በሃምሳዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ በካሊፎርኒያ የብርቱካን እርሻዎች መሃል ባለች አንዲት ሙቀታም ከተማ፣ ታኮን አገኙ። ያገኙትም ከቋሊማ ሱቃቸው ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግረው ነው። እርግጥ፣ ማዶ ያሉት ሜክሲኮዎች ታኮ፣ ማለትም በበቆሎ ቂጣ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ሲበሉ ዘመናት አልፈዋል። ነገር ግን መብላት ሌላ፣ ማግኘት ሌላ። እነሱ በልተው፣ እጃቸውን ታጥበው፣ ወደ ሥራቸው ይሄዱ ነበር እንጂ አንዳቸውም «አገኘን» ብለው አያውቁም።

ሚስተር ሃግስትሮም በዚያን ጊዜ ገና ክቡር አልሆኑም ነበር። ቋሊማ በዳቦ የሚሸጡ፣ አፍንጫቸው በፀሐይ የተላጠ፣ ረጅም ሰው ነበሩ። ሱቃቸው ንጹሕ ነበር። እጅግ በጣም ንጹሕ ነበር፤ ምክንያቱም ገብቶ የሚያቆሽሸው ሰው አልነበረም። ማዶ፣ በኤውላሊያ ባራጋን ምግብ ቤት በር ላይ ግን፣ ሰልፉ ጥጉን ዞሮ ይሄድ ነበር።

አንድ ቀን ባለቤታቸው ሎሬን መስኮቱን እየወለወለች፣ «ዴል፣ ያ ሰውዬ የኛ ደንበኛ አልነበረም?» አለች።

«የቱ?»

«ሰልፉ ላይ ያለው። በባርኔጣው ፊቱን የሸፈነው።»

ሚስተር ሃግስትሮም አንገታቸውን አስግገው አዩ። «ፓስተራችን ናቸው።»

«እኮ» አለች ሎሬን።

ሚስተር ሃግስትሮም ሽርጣቸውን ፈተው ተሻገሩ። ኤውላሊያ ትከሻዋ ሰፊ፣ ስትስቅ ድምፅ የማታወጣ ሴት ነበረች። ሳህኑን ስታስቀምጥላቸው ሹካና ቢላ ጠየቋት።

«ሹካ ለምን?»

«ለመብላት ነዋ።»

«እጅህ ምን ሆነ?»

እጃቸውን አዩት። ምንም አልሆነም።

«በል ጠቅልለህ ጉረስ፣ ዶን ዴል» አለች። ሃግስትሮም የሚለው ስም ለምላሷ ስላልተመቻት፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ በስፓኒሽ «አቶ ዴል» እንደማለት፣ እንደዚያ ስትጠራቸው ኖረች። «እስኪበርድ አትየው።»

ጎረሱ። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ አፍንጫቸው ፈሰሰ፣ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ምላስ እንዳላቸው አወቁ። በማግስቱም ተመለሱ፣ በሦስተኛውም ቀን። ብዙም ሳይቆዩ ወጥ ቤት ገብተው ማየት ጀመሩ። የኤውላሊያ ወንድም ቼማ ይህን አልወደደውም።

«እህቴ፣ ይሄ ሰውዬ ሊሰርቀን ነው።»

«ምኑን ይሰርቀናል? ቂጣ ሲጋግር አላየኸውም?»

ቼማ አይቶ ነበር። ሚስተር ሃግስትሮም የጋገሩት የበቆሎ ቂጣ አንዱ የፍሎሪዳን ካርታ ይመስል ነበር፤ ሌላው ምንም አይመስልም። እሳቸው ግን ፊታቸው ዱቄት ለብሶ፣ «እንዴት ነው፣ ኤውላሊያ?» ብለው ይጠይቁ ነበር። እሷም አገላብጣ ታየውና፣ «ሞቋል» ትላለች። ከዚህ በላይ ምስጋና አላገኙም። እውነቱን ለመናገር፣ ኋላ በመላው አገሪቱ የተዘረጋው ያ ሁሉ ቅርንጫፍ የተከፈተው፣ ሚስተር ሃግስትሮም ከዚያች ሴት አፍ አንዲት «ጎበዝ» ለመስማት ስለጓጉ ነው። የድርጅቱ ታሪክ ግን ይህንን «አገራዊ ራዕይ» ይለዋል።

ለስላሳ ቂጣ መጋገር ስላቃታቸው ደረቅ ቂጣ ፈለሰፉ። ቂጣውን በቋሊማው ዘይት ጠብሰው፣ አጥፈው፣ እንደ ጣሪያ ክዳን ደረደሩት። ደንበኛ ሲመጣ ሥጋና አይብ ሞልቶ መስጠት ብቻ ነው። የመጀመሪያውን የተቀበሉት የከተማው የጥርስ ሐኪም ነበሩ። ገመጡት። ቂጣው ተንኮሻኩሾ፣ ሥጋው ከረቫታቸው ላይ ፈሰሰ።

«ሚስተር ሃግስትሮም፣ ተሰበረ።»

«ትኩስነቱ ነው፣ ዶክተር።»

«ቀዝቅዟል እኮ።»

«እንግዲያው ጥንካሬው ነው።»

ሐኪሙ አንዱን መንጋጋቸውን ደባብሰው ጥቂት አሰቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሚያውቁት ሰው ሁሉ ከሚስተር ሃግስትሮም ቤት እንዲበላ ይመክሩ ጀመር።

ቀጥሎ የበርበሬው ጉዳይ መጣ። አንዲት የመዘምራን አባል ቀምሰው ስላለቀሱ በርበሬው ተቀነሰ። ባላቸውም ስላላበው እንደገና ተቀነሰ። እንዲህ እየተቀነሰ ቲማቲሙ ብቻውን ሲቀር፣ «የእሳተ ገሞራ ስጎ» የሚል ስም ተሰጠው፤ ጠርሙሱም ላይ «በጥንቃቄ» ተብሎ ተጻፈበት።

ስም ያስፈልግ ነበርና ሚስተር ሃግስትሮም አንድ ከሰዓት ሙሉ ከተጨነቁ በኋላ በቀለም የጻፉትን ሰሌዳ ለሎሬን አሳዩ። «ኤል ሃግስትሮም» ይላል።

«‘ኤል’ ምንድን ነው?»

«ስፓኒሽ ነው።»

«ሃግስትሮምስ?»

«የአያቴ ነው፤ ስዊድንኛ።»

«ታዲያ ማን ይበላዋል?»

«ሁለቱም» አሉ ሚስተር ሃግስትሮም በልበ ሙሉነት። ከሁለቱም አንድም ሰው አልመጣም፤ ሌላው ሕዝብ ሁሉ ግን መጣ። መኪና ያለው በመኪናው፣ ቤተሰብ ያለው ከነቤተሰቡ መጣ። ዓመታት አለፉ፤ ኤል ሃግስትሮም ከአንድ ወደ ብዙ፣ ከከተማ ወደ ክፍለ ግዛት ተስፋፋ፤ ሚስተር ሃግስትሮምም በሂደት ክቡር ሆኑ።

ክቡር ከሆኑ በኋላ ታሪክ አስፈለጋቸው። ለዚህም ፕሬንቲስ ኦግል የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊ ተቀጠረ። ኦግል የተማረ ሰው ነበር፤ ያልሆነን ነገር ሲጽፍ እጁ አይንቀጠቀጥም።

«ክቡርነትዎ፣ ታኮን የት አገኙት?» ሲል ጠየቀ።

«መንገድ ማዶ።»

ኦግል ብዕሩን አስቀመጠ። «መንገዱ ሰፊ ነው?»

«እንደማንኛውም መንገድ ነው።»

«በረሃ ብናደርገውስ?»

መንገዱ በረሃ ሆነ። በረሃውን በእግር ማቋረጥ ከባድ ስለሆነ በቅሎ ተጨመረች። በቅሎዋ ወዴት ትሂድ ሲባል፣ በተራራ ላይ የሚኖር፣ ሊሞት የሚያጣጥር ሽማግሌ መነኩሴ ተገኘ። መነኩሴውም የታኮን ምሥጢር ለወጣቱ ዴልበርት በጆሮው ሹክ ብሎት አረፈ። ኤውላሊያ ለታሪኩ ፍሰት ስላልተመቸች ተዘለለች። በየቅርንጫፉ ግድግዳ ላይ በቅሎዋ፣ መነኩሴውና ባርኔጣ የደፉት መሥራች በደማቅ ቀለም ተሳሉ።

ሰው ደጋግሞ ያየውን ነገር ያምናል። አንድ ማለዳ ሚስተር ሃግስትሮም ከአልጋቸው ሲነሱ ወገባቸውን ይዘው አቃሰቱ።

«ምን ሆንክ?» አለች ሎሬን።

«ያች በቅሎ ናት።»

«የምን በቅሎ?»

ሚስተር ሃግስትሮም በቅሎ ኖሯቸው እንደማያውቅ ያኔ ትዝ አላቸው። ቀኑን ሙሉ ከፍቷቸው ዋለ።

በዚህ መሃል የድርጅቱ ቦርድ ተሰብስቦ ታሪካዊ ውሳኔ አሳለፈ፤ ታኮን ለሜክሲኮ ሕዝብ ማስተዋወቅ። በሜክሲኮዋ ከተማ በጓዳላሃራ፣ በዋናው አደባባይ አጠገብ፣ ቅርንጫፍ ተከፈተ። ማርያቺ የሚባሉት የአገሩ ሙዚቀኞች ተጋበዙ፣ ሪባን ተዘረጋ። ሚስተር ሃግስትሮም ኦግል የጻፈውን ንግግር አነበቡ፤ አስተርጓሚው እያላበው ይከተላቸው ነበር።

«በዛሬው ዕለት» አሉ፣ «ይህ ታላቅ ሕዝብ ለዘመናት ሲጠባበቀው የነበረው ታኮ፣ በተሟላ ንጽሕናና በዘመናዊ አሠራር፣ ደጃፉ ላይ ደርሶለታል።»

ሕዝቡ አስተርጓሚውን አየው። አስተርጓሚው ጫማውን አየ።

የመጀመሪያው ታኮ ለከተማው የንግድ ምክር ቤት ሊቀ መንበር፣ ለዶን ኤፒፋኒዮ ሳልዲቫር ቀረበ። ዶን ኤፒፋኒዮ ጨዋ ሽማግሌ ነበሩ። በሁለት ጣታቸው ይዘው አዩት።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ምንድን ነው?»

«ታኮ።»

«ገብቶኛል። ይሄ የያዝኩት ማለቴ ነው።»

«ታኮ ነው።»

ዶን ኤፒፋኒዮ በቂጣው ላይ ጣታቸውን አንኳኩ። ኳ ኳ አለ። ከውስጥ የሚመልስ ያለ ይመስል ጥቂት ጠበቁ፤ ከዚያም በጨዋ ደንብ ለሚስታቸው አሳለፉት፤ ሚስታቸውም ለሚቀጥለው ሰው አሳለፉት።

ከዚያ በኋላ ቤቱ ባዶውን ዋለ። ሚስተር ሃግስትሮም በአንዱ ጠረጴዛ ተቀምጠው በሩን ሲያዩ፣ ያ ንጹሕ የቋሊማ ሱቃቸው ትዝ አላቸው። ሰው አልቆጣቸውም፣ አልሰደባቸውም። አልፎ አልፎ በመስኮት የሚያይ ሰው ያዝንላቸው ነበር፤ ይህ ደግሞ ከስድብ ይብሳል።

ቅርንጫፉን ያዳነው ሮሴንዶ የሚባል የአገሩ ሰው፣ ሥራ አስኪያጁ ነው። በር ላይ ቆሞ ለአላፊ አግዳሚው፣ «ታኮ አይደለም፣ ማነው ታኮ ያላችሁ? የግሪንጎዎች፣ የአሜሪካኖቹ ምግብ ነው፤ እዚያ አገር በየቀኑ የሚበሉት ይሄን ነው» ማለት ጀመረ።

«እውነት?» አለችው አንዲት ሴት።

«እናቴ ትሙት።»

«ምስኪኖች» አለችና ልጆቿን ይዛ ገባች።

ታኮ ነው ሲባሉ የተቀየሙት ሁሉ፣ የአሜሪካ ምግብ ነው ሲባሉ ጣዕሙ ገባቸው። ተማሪው መጣ፣ ሙሽራው መጣ፣ ድንበር ተሻግሮ የማያውቅ ሁሉ ድንበር ማዶን ሊቀምስ መጣ። ለውጭ አገር ምግብ ክብር ሲሉም ሹካና ቢላ ያስመጡ ነበር። ዶን ኤፒፋኒዮ በበኩላቸው ትልቅ የነሐስ ሰሌዳ አስቀርጸው፣ በከተማው ስም ለክቡር መሥራቹ ሸለሙ። ሚስተር ሃግስትሮም ከስፓኒሽ የሚያውቁት «ኤል»ን ብቻ ነበር። ሰሌዳው ላይ በርካታ «ኤል» አዩ፤ ደስ አላቸው።

ሲመለሱ ሰሌዳውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ወደ ዋናው ቢሮ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ኤውላሊያ ሄዱ። ሁለቱም ሸብተዋል። ቼማ በጥርጣሬ ዓይን አያቸው፤ እሷ ግን ወንበር ሳበችላቸው።

«አንብቢልኝ» አሏት። «የአገርሽ ሰዎች ናቸው የሸለሙኝ።»

ኤውላሊያ መነጽሯን አድርጋ ለራሷ አነበበች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«ምን ይላል?»

«‘የአሜሪካን ብሔራዊ ምግብ ወደ ከተማችን አምጥተው ሕዝባችንን ላዝናኑ፣ ለክቡር ሚስተር ሃግስትሮም’ ይላል።»

«የአሜሪካን?»

«የአሜሪካን።»

«ታኮ የሚል የለበትም?»

አገላብጣ ጀርባውንም አየችላቸው። «የለም።»

መልሳም ለሚስተር ሃግስትሮም ሰጠቻቸው። ሰሌዳው ጭናቸው ላይ ከበዳቸው።

«ኤውላሊያ፣ የኔን ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?»

«አንዴ።»

«እና?»

«አትዘን፣ ዶን ዴል። የልጅ ልጆቼ ነፍሳቸው ነው። የኛን አልሰረቅክም፤ ቼማ በከንቱ ነው ይሄን ሁሉ ዘመን ያኮረፈው። አንተ የራስህን ነገር ነው የፈጠርከው።» መነጽሯን አወለቀች። «ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅም።»

ሚስተር ሃግስትሮም ይስቁ ወይስ ያልቅሱ አላወቁም። በመጨረሻ ሳቁ።

«በል አሁን ብላ» አለቻቸው።

ቢሮ ሲደርሱ ኦግል በር ላይ ጠበቃቸው። «ክቡርነትዎ፣ ምን ይላል?»

«እውነቱን ይላል» አሉ ሚስተር ሃግስትሮም።

«ድንቅ ነው። በሁሉም ቅርንጫፍ እንሰቅለዋለን።»

ሊነግሩት ፈለጉ። ከዚያ በቅሎዋንና መነኩሴውን አሰቡ፤ እውነት የሆነ ነገር አንድ ቀን ግድግዳቸው ላይ ቢሰቀል ምን አለበት አሉ። «ስቀለው» አሉት።

ሰሌዳው በነሐስ ተባዝቶ፣ በየቅርንጫፉ ከገንዘብ መቀበያው በላይ ተሰቀለ። ደንበኞች ከሥሩ ቆመው ፎቶ ይነሳሉ፤ ስፓኒሹን የሚያነበው ግን የለም። የሚያነቡት ወጥ ቤት ያሉት ብቻ ናቸው፤ ከነሱም አብዛኞቹ የመጡት ከጓዳላሃራ አካባቢ ነው። በየማለዳው ሽርጥ እያሰሩ ቀና ብለው ያነቡትና እየተደጋገፉ ይስቃሉ። ድርጅቱ የወጥ ቤት ሠራተኞቹ ሞራል በድንገት ለምን እንደጨመረ በባለሙያ አስጠናና፣ ምክንያቱ በመሥራቹ ታሪክ ያደረባቸው ጥልቅ ኩራት መሆኑን አረጋገጠ። ኦግል ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ፤ ፊደሉ እንዳይደበዝዝም ሰሌዳው በየሳምንቱ እንዲወለወል ጥብቅ መመሪያ አወረደ።