በጥቁር ልብስ መድረክ ላይ

ባል የሞተባት ሴት ዓይን ይፈቀድላታል፤ ታለቅስበታለች። አፍም ይፈቀድላታል፤ ሙሾ ታወርድበታለች። ጆሮዋን ግን ማንም አያስበውም። ሰፈሩ ራዲዮኑን ይዘጋላታል፤ ሠርገኛ እንኳ በደጇ ሲያልፍ ጭብጨባውን ዋጥ ያደርጋል። ደግ ሕዝብ ነው። ግን እስቲ እናንተ ፍረዱኝ፤ ባሏ በድምፅ ሥራ ሲያኖራት የኖረች ሴት ጆሮዋን የት ታድርገው?

ባለቤቴ ይመር፣ መርሳ ከተማ ውስጥ፣ ከቤታችን ጋር ግድግዳ በምትጋራ አንዲት ጠባብ የምሽት ሙዚቃ ቤት የድምፅ ባለሙያ ነበር። ሥራው ማጉላት ይመስላችኋል። ማሳነስ ነበር። ኪቦርድ ተጫዋቹ የራሱን ድምፅ አልሰማ ሲለው ይጨምራል፤ ያን ጊዜ ድራም መቺው ተበለጥኩ ብሎ በኃይል ይደበድባል፤ ዘፋኟ ከመሐል ቆማ “ኧረ ድምፄን ጨምሩልኝ!” ትላለች፤ ማይኩ የሁሉንም ጩኸት ይለቅምና ያፏጫል። ሁሉም ቢናገር ማን ይሰማል? ይመር ማንንም አይቆጣም። የኪቦርዱን ድምፅ ማጉያ ከመሬት አንስቶ ቢራ ሣጥን ላይ ያስቀምጥና ወደ ተጫዋቹ ጆሮ ያዞረዋል። “ሰው በቁርጭምጭሚቱ አይሰማም” ይለኝ ነበር።

ጦርነቱ ወሰደው። ወደ ጎረቤት ከተማ ወደ ውርጌሳ ሲሄድ መንገዱ ላይ ከባድ መሣሪያ ወደቀ። ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ከተማው ትንሽ ሲረጋጋ ሙዚቃ ቤቱ ሊከፈት ሆነ፤ ሰዓት እላፊ ስለነበር በቀን ነው የሚጫወቱት። የሙዚቃ ቤቱ ጌታ ጋሽ አያሌው ደጄ ላይ ቆመው፣ “እህቴ፣ ዓመቱ ሳይሞላ ልንከፍት አፈርን። ሙዚቀኞቹ ልጆች ግን ተራቡ” አሉኝ። “ክፈቱ” አልኩ።

ተከፈተ። ድራሙ ሲመታ ቁም ሣጥኔ ተንቀጠቀጠ። የጎረቤቴ የሼህ ሰይድ የልጅ ልጆች አልጋ ሥር ገቡ፤ መድፉ ገና ከሰው ጆሮ አልወጣማ። ሼሁ ወዲያው መጡ።

“ልጄ፣ ወላሂ አፈርን። ሐዘንሽን ረገጡብሽ። ነገ ቀበሌ ሄደን እናዘጋዋለን።”

“ኧረ ሼሁ፣ እኔ አላማረርኩም።”

“አንቺማ ይሉኝታ ይዞሽ ነው። እኛ እናውቅልሻለን!”

ለቀባሪው አረዱት አሉ። “ድምፅ ማጉያው መሬት ላይ ስለሆነ እኮ ነው” ልላቸው ቃጣኝና ዋጥኩት። ሐዘንተኛ እንዲህ ይናገራል? እኔ አፍሬ ዝም ስል ግን ሙዚቀኞቹ በእኔ ስም እንጀራቸውን ሊያጡ ነው።

በማግስቱ በጥቁር ልብሴ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ሙዚቃ ቤቱ ገባሁ። ሙዚቀኞቹ ደነገጡ። ድራም መቺው ደጉ በትሮቹን ከጀርባው ደበቀ።

“እትዬ፣ ይቅር በይን፣ አሁኑኑ እንዘጋለን!”

“አትዝጉ። ባዶ ቢራ ሣጥን አምጡ።”

መድረኩ ላይ ወጥቼ የኪቦርዱን ማጉያ ሣጥኑ ላይ አነሣሁት፣ ወደ ተጫዋቹ ጆሮ አዞርኩት። ድምፁ እንዲታፈን ትልቁ ድራም ሆድ ውስጥ የሚወተፍ ብርድ ልብስ ጠየቅኩ፤ በጦርነቱ ተዘርፏል። ቤቴ ተመልሼ የይመርን ጋቢ አመጣሁ። ለነዳያን መሰጠት የነበረበት ጋቢ ነው፤ እኔ ነኝ የሰሰትኩት። ደጉ አጣጥፎ ሲወትፈው ፊቴን አዞርኩ።

አምባሰል ጀመሩ። ዘፋኟ ጨምሩልኝ አላለችም። ማይኩ አላፏጨም። ሼህ ሰይድ ወደ ቀበሌ ሊሄዱ ወጥተው ኖሮ፣ በር ላይ ቆመው “ዘጉት እንዴ?” ብለው ሲጠይቁ ሰማኋቸው። “የለም፣ እየተጫወቱ ነው” አሏቸው ደጅ የነበሩ ሰዎች። “እንዲህ ከሆነማ ይጫወቱ፤ አልሐምዱሊላህ” ብለው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

ለካ ከኋላዬ እንግዳ ሞልቷል። ድምፁ ያን ያህል በልኩ ስለሆነ ከየጠረጴዛው የሚነገረው ቃል ሁሉ ጥርት ብሎ ይደርሰኛል።

“ይቺ የይመር ሚስት አይደለችም?”

“ናት እንጂ! ዓመቱ ሳይሞላ መድረክ ላይ!”

“ጋቢውንም ለዳንኪራ ሰጠችው አሉ።”

“ወይ ጉድ! ጥቁሩስ ምን ያደርግላታል?”

የምገባበት ጠፋኝ። እጄ የይመር የድምፅ መቆጣጠሪያ ቁልፍ ላይ ነበር፤ ጥቂት ብቻ ባዞረው ሐሜቱ ሁሉ በዘፈኑ ይዋጥ ነበር። አማረኝ። ግን ይመር አይጨምርም ነበር።

አልጨመርኩም። አንገቴን ደፍቼ፣ ዘፈኑንም ሐሜቱንም እስከ መጨረሻው አዳመጥኩ።