የእትዬ ገነቴ ላም

ሆሳዕና ውስጥ እያንዳንዱ ሰፈር አንዲት ላም፣ አንዲት ባለ ላምና ሁለቱን የሚያገለግል ሕዝብ አለው። ሆመቾም ብትሄዱ ያው ነው፣ ዱራሜም ያው ነው። ከተማው አስፋልት ይልበስ፣ ፎቅ ይደርደር፣ ባለ ላሟ ግን በሁለት ፎቅ መሃል በቀረች ቁራሽ ጓሮ ላሟን አስራ፣ የሰፈሩን ሰው ልጣጭ እያሸከመች ትኖራለች። በእኛ ሰፈር ይህን ከፍተኛ ሥልጣን የያዙት ክብርት ወይዘሮ ገነቴ ናቸው። ላሟ ዳለቻ ትባላለች። እኔ ግቢያቸው ውስጥ ቤት የተከራየሁ መምህር ነኝ። ደክሞኛል።

"ላም አለኝ በሰማይ" ይላል ያልታደለ ሰው። የእኔዋ በመሬት ናት፣ ያውም መስኮቴ ሥር።

ላም ምኑ ያደክማል የምትሉ ትኖራላችሁ። ለላም ጎረቤት ሆናችሁ ስለማታውቁ ነው። እትዬ ገነቴ ቅቤ ይሸጣሉ፣ አይብ ይሸጣሉ፣ ወተት መሸጥ ግን ለእሳቸው ነውር ነው። "ወተት አይሸጥም!" ይላሉ፣ ብር የያዘ እጃችሁን እንደ ሌባ እጅ እያዩ። በነፃ ነው የሚሰጡት። ጉዱም ያለው እዚህ ላይ ነው። የሚሸጥ ቢሆን ከፍሎ መገላገል ነበር። በነፃ የጠጣ ሰው ግን ዕድሜ ልኩን የዳለቻ ዘመድ ሆኖ ይቀራል።

እኔ የተዛመድኩት ባለቤቴ ትርሲት በወለደች ሰሞን ነው። ሳንጠይቃቸው በየማለዳው አንድ ጣሳ ወተት በራችን ላይ ይቀመጥ ጀመር። ልጃችን ራሄል ክርስትና ከተነሳች በኋላ ግን ከጣሳው ጎን አንድ ባዶ ባልዲ ተቀምጦ አገኘሁ።

"መምህሬ፣ እናንተ ትምህርት ቤት ላውንጅ የድንች ልጣጭ ይጣላል አሉ" አሉኝ እትዬ ገነቴ። "ያሳዝናል።"

ይኸው ራሄል ራሷ ተማሪ ሆነች፣ እኔም እስከ ዛሬ ባልዲ ይዤ ከክፍል እወጣለሁ። ተማሪ እጁን ሲያወጣ ጥያቄ አለው ብዬ ደስ ይለኛል፤ ለካ "መምህር፣ ለላሟ የሙዝ ልጣጭ አምጥቻለሁ" ሊለኝ ነው።

ዳለቻ የማትሠራው ሥራ የለም። የሰፈሩ የጭቃ ቤት በእበቷ ይለሰናል። የጓሮው እንሰት እንዲያ የወፈረው በፍጓ ነው፤ እንሰቱ ደግሞ ቅጠሉን ለእሷ ይመልሳል። በሁለቱ መሃል የምንጎዳው እኛ ተሸካሚዎቹ ነን። ለመስቀል አታካና የሚባለው ምግብ ሲሠራ ቡላው ከዚያው ጓሮ፣ ወተትና ቅቤው ከዳለቻ ነው፤ ከዚያ አንድ ሳህን የቀመሰ ሰው ጥቅምትን ሣር ሲሸከም ይከርማል። ለአንዲት የሰፈር ልጅ ሽማግሌ የላከ ጎረምሳ ሲመጣ እንኳ፣ እትዬ ገነቴ ላሟን እንዲያይ ወደ ጋጣው ይወስዱታል። ባለፈው የመጣው ከኋላዋ ሄዶ ቆመ። "ልብ የለውም" ብለው ፈረዱበት፤ ልጅቷም አላገባችውም።

ባልና ሚስት ተጣልተው ሽማግሌ ሲያቅተው ነገሩ ወደ ዳለቻ ይግባኝ ይባላል። ሚስትየዋ እንድታልብ፣ ባልየው ጥጃውን እንዲይዝ ይታዘዛሉ። "ጥጃ ይዞ የሚሳደብ ሰው አላየሁም" ይላሉ እትዬ ገነቴ። እውነታቸውን ነው፣ አይመችም። እኔና ትርሲትም ታርቀንበታል።

የዳለቻን ጥፋት ያነሳ ሰው ግን ወዮለት። አንድ ቀን ከገመድ ላይ አዲስ ሸሚዜን አውርዳ በላችው።

"እትዬ ገነቴ፣ ላሟ እኮ ሸሚዜን በላችው!" ብዬ ጮኽኩ።

ደንግጠው ወጡ። "ውይ! ቀለሙ አይጎዳትም?" አሉ።

ያላረምኩትን የፈተና ወረቀት ስትበላ "ዕውቀት ትወዳለች" አሉ። ጎህ ሳይቀድ እምቧ እያለች ስትቀሰቅሰኝ "ለጸሎት ነው የጠራችህ" አሉ። ቆጣሪ ሊያነብ የመጣውን ሰውዬ በእርግጫ ስትመታው ደግሞ ትንሽ አሰብ አደረጉና "ምናልባት አስበልጦ አንብቦ ይሆናል" አሉ።

የእትዬ ገነቴ ልጅ ሚክያስ ደቡብ አፍሪካ ነው። እንደ ብዙው የሰፈሩ ወጣት ሄዶ ሱቅ ከፍቷል። የመንገዱ ገንዘብ የዳለቻ ወይፈን ተሽጦ የተገኘ ነው። ዘንድሮ ታዲያ ደወለና "እማ፣ በቃሽ! ላሟ ትሸጥ። ጋጣው ቦታ ላይ ፎቅ አቆምልሻለሁ፣ አንቺ እረፊ" አላቸው። ብሎኬት አስመጥቶ በራችን ላይ አስከመረ። እውነትም ወገባቸውን ያማቸዋል። ልጁ ደግሞ ስልክ ላይ አለቀሰ። "እሺ" አሉት። የእትዬ ገነቴ "እሺ" አይታጠፍም።

እኔ ደስ አለኝ። ባልዲውን አጥቤ ልሰቅለው አሰብኩ፣ እንቅልፌንም አሰብኩ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እትዬ ገነቴ ሌላ ሰው ሆኑ። ልጣጭ ሳላመጣ አይጠይቁኝም፣ ሳመጣም ትንሽ ነው አይሉኝም። በርጩማቸውን ዳለቻ አጠገብ አድርገው ቁጭ ይላሉ።

"መምህሬ፣ ፎቅ ላይ ወጥቼ ምን ልሠራ ነው?" አሉኝ አንድ ቀን። "ጠዋትስ ማን ይጠራኛል?"

አንጀቴን በሉት።

ቅዳሜ ጠዋት ሳዲቅ የሚባል የከብት ነጋዴ ከአዲሎ መጣ፤ አይሱዙውን በር ላይ አቆመ። ዳለቻን ዞራት፣ ጥርሷን አየ፣ ጡቷን ዳሰሰ፣ ወደዳት።

"እናቴ፣ ዐመል አላት?" አለ። ሻጭ የከብቱን ዐመል ሳይደብቅ መናገር አለበት፤ ደንብ ነው።

እትዬ ገነቴ ጥብቅ ወንጌላዊ አማኝ ናቸው፣ ውሸት አይወጣቸውም። ዳለቻን ማማትም አይሆንላቸውም። ዙሪያውን ሲቃኙ እኔን ከነባልዲዬ አዩኝ።

"እኔ እናቷ ነኝ፣ ምስክር አልሆንም። መምህሩን ጠይቀው" አሉት። ከዚያ ጠጋ ብለው በጆሮዬ፣ "እናንተ ንስሐ አባት አላችሁ አይደል?" አሉኝ።

ገባኝ።

"ወንድሜ፣ ይህች ላም ሸሚዝ ትበላለች" ብዬ ጀመርኩ። "የፈተና ወረቀት ትበላለች። ትራገጣለች። ጎህ ሳይቀድ ሰፈር ትቀሰቅሳለች።" የስንት ዓመት አቤቱታዬን ሰሚ አግኝቼ አዘነብኩት።

ሳዲቅ ሳቀ። "ላም አይደለች እንዴ? ምን ታድርግ ታዲያ?" ብሎ ገመዷን መፍታት ጀመረ። እትዬ ገነቴ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። እውነቱ እንዳልበቃ ሲገባኝ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገባሁ።

"ወተቷ ውሃ ነው" አልኩ። "ቢንጡት ቅቤ አይወጣውም። በየዓመቱ ትጨነግፋለች፤ ይሄ ጥጃ የጎረቤት ነው። ሰው ደግሞ አትወድም፣ ትናከሳለች።"

ዳለቻ በዚህ መሃል አንገቷን ዘርግታ እጄን ትልሳለች።

"እየላሰችህ እኮ ነው" አለ ሳዲቅ።

"እየቀመሰችኝ ነው" አልኩት።

ሳዲቅ እኔን አየ፣ ላሟን አየ፣ ከዚያ ገመዱን ለቀቀ። "መቼም መምህር አይዋሽም" ብሎ አይሱዙውን አስነስቶ ሄደ።

እትዬ ገነቴ ወዲያው ሚክያስ ጋ ደወሉ። "ልጄ፣ እኔ እሺ ብዬ ነበር። ገዢም መጥቶ ነበር። መምህሩ አባረረው" አሉት። አንድም ውሸት የለበትም። ሚክያስ ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሲወጣለት፣ ብሎኬቱ ለጋጣው ግድግዳ ይሁን አለ። እኔን ግን እስከ አሁን አያናግረኝም።

ምስጋናዬን እየጠበቅሁ ቆምኩ። መጡ፣ እጄን በሁለት እጃቸው ያዙ፣ ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። "እግዚአብሔር ይስጥህ፣ ልጄ" አሉኝ። ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ከዚያ ፊታቸው ኮስተር አለ።

"'ወተቷ ውሃ ነው' ያልከው ግን ልክ አይደለም። ራሄልን ያሳደገ ወተት ነው። ሰምታሃለች። ግባና ይቅርታ ጠይቃት።"

ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ባልዲዬን አንስቼ ወደ ጋጣው ገባሁ።

"ዳለቻ፣ ይቅርታ" አልኩ፣ የአርባ ልጆች ክፍል የማስተምር ሰውዬ። ልጣጩን ልዘረግፍላት ጎንበስ ስል ኮሌታዬን ጎረሰችው። ጎተትኩ፣ አልለቀቀችም። ከነአንገቴ እንደተያዝኩ ወደ በሩ ዞሬ ተጣራሁ፦

"እትዬ ገነቴ! የዚህኛው ቀለም አይጎዳትም?"